አሥራ አንደኛው ሟች

«ሟቹ የት ነው?» አለች መርማሪዋ።

የፋብሪካው ዘበኛ መዝገቡን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ትንሽ አሰበ። «የትኛው ሟች፣ እትዬ?»

«ስንት ሟች አላችሁ?»

«አሥራ አንድ ነበሩ። አሥሩ ምሳ ሊበሉ ሄደዋል።»

መርማሪዋ አየችው። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የመዝገቡ ጠርዝ በላብ ርሷል።

«እኔ የመጣሁት ምሳ ለማይበላው ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«ለጋሼ ምናልባት ነዋ!» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደውን ደረጃ በጣቱ ጠቆመላት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የፈትል ፋብሪካው የቆመው ወንዝ ዳር ነው፤ ከወንዙ በላይ ደግሞ ግድብ አለ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ውኃው አንድ ቀን ጠዋት ግድቡን ጥሶ ወርዶ የታችኛውን ሰፈር ከነሰዉ ጠርጎ ወስዷል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የአደጋ ዝግጁነት ቢሮ አቋቋመ፤ ቢሮውም ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ግን ወንዝ ዳር ያሉ ድርጅቶች በተግባር ሳይፈትኑት አይፈረምም ተባለና ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። የዛሬው ልምምድ ያ ፈተና ነበር። ሳይረን ሲጮኽ አርባ ሠራተኞች ጎርፍ የጎዳቸው ሰዎች መስለው በየክፍሉ ይተኛሉ። እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ ቁጥር ያለው ካርድ ያንጠለጥላሉ። ካርዱ ከታች ወደ ላይ አራት ቀለም አለው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ነርሷ እየሮጠች ታያቸውና ከታች እየቀደደች ታልፋለች። መጨረሻ ላይ ከታች በኩል የቀረው ቀለም የሰውየው ዕጣ ነው። አረንጓዴ በእግሩ ይሄዳል፣ ቢጫ ይጠብቃል፣ ቀይ በቃሬዛ ተሸክመውት ይወጣል። ጥቁር ግን ሞቷል፤ ልምምዱ እስኪያበቃ አይነካም፣ አይናገርም። መሐል ላይ የምር የታመመ ሰው ካለ «ይህ ልምምድ አይደለም» ይላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቀይ ካርድ ያላቸው በሙሉ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግቢው ላይ ከተገኙ ፋብሪካው ያልፋል፣ ዕቅዱም ይፈረማል።

ይህን ሁሉ በቢሮው ሆነው ያረቀቁት ሟቹ ነበሩ። ስብሰባ በተቀመጡ ቁጥር «ምናልባት ስልኩ ቢቋረጥስ? ምናልባት ቁልፍ ያዡ ቢታመምስ?» ስለሚሉ ከተማው በሙሉ ጋሼ ምናልባት ይላቸዋል። ግድቡ የተጣሰ ዕለት ውኃው ሚስታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ወስዶባቸዋል። እሳቸው ግን ይህን ስብሰባ ላይ አንሥተውት አያውቁም።

መርማሪዋ ደረጃውን ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ነበር።

«ቀላል ጉዳይ ነው» አላት። «ሽማግሌው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ቀይ መሆን ሲገባቸው ነርሷ ተሳስታ ጥቁር አድርጋቸዋለች። ስኳራቸው ወርዶ ሲዝለፈለፉ የሞተ ሰው የሚጫወቱ መስሎ ማንም አልነካቸውም። የቀደደችው ቁራጭ ፖስታዋ ውስጥ ተገኝቷል፤ እሷም አምናለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፋይሉንም ልጅቷንም ላኪልኝ።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ። ጉልበቷን ስለሚያማት ግድግዳውን ይዛ ነበር የምትወርደው። ሃያ ሦስት ደረጃ ቆጠረች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

ምድር ቤቱ የጥጥ መጋዘን ነው። ጎርፍ እንዲመስል ወለሉ ላይ ውኃ ተረጭቷል። ጋሼ ምናልባት ሁለት የጥጥ ጥቅሎች ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። የለበሱት ሰማያዊ የሠራተኛ ቱታ ነው፤ እጅጌው ረዝሞባቸው ሁለት ጊዜ አጥፈውታል። ከራስጌያቸው ሰባት እርምጃ ያህል ርቆ አንድ የብረት በር አለ፤ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ከበሩ ሥር የቀን ብርሃን ይገባል። መርማሪዋ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ስታደርግ ግቢው ውስጥ የሚያወሩትን ሰዎች ሰማች።

ተመልሳ ከሟቹ አጠገብ ተቀመጠች። ሁልጊዜም መጀመሪያ የምታደርገው ይህንን ነው። ቱታው ደረት ላይ ደቃቅ ግራጫ ብናኝ አየች። የጥጥ ብናኝ ይሆናል ብላ በጣቷ ነካችው፤ ለስላሳና ድቡልቡል ነው። ቀኝ እጃቸው ውስጥ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ አለ። አንገታቸው ላይ ያለውን ካርድ ገለበጠችው።

በጀርባው በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦

«4፡00 ሳይረን። እዚህ ድረስ ይሰማል።

4፡06 ሲስተር። ፈጣን ናት። ጎበዝ።

4፡08 ሥራ አስኪያጅ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። አልከፈተም።

4፡10

4፡14 ቃሬዛ። 18ን ወሰዱ። እኔ ጋ አልቆሙም። ደንቡን ጠብቀዋል።

ጥቁር ካርድ ሁለት ጊዜ ይታይ»

የመጨረሻው መስመር ሰዓት የለውም፤ ፊደሎቹም ወደ ታች እየወረዱ ከካርዱ ጠርዝ ሊወጡ ደርሰዋል። ከ4፡10 ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። መርማሪዋ ካርዱን ከበሩ ሥር ወደሚገባው ብርሃን አዘነበለችው። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ላዩም ተፍቋል።

ብናኙን እንደገና አየችው። ካርዱን እንደነበረ መልሳ፣ የተጠቀለለውን እጅጌ በእጇ ዳሰስ አደረገችና ተነሣች።

ነርሷ የፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እጆቿን ጭኖቿ መሐል ደብቃለች።

«አንቺ ነሽ ጥቁር ያደረግሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስትቀድጂው ትዝ ይልሻል?»

ነርሷ ቀና አለች። «አርባ ሰው በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው ያየሁት። የማንንም ፊት አላስታውስም። ግን ቁራጩ እኔ ጋ ተገኘ። ከእኔ ሌላ ማን ይቀደዋል?»

«ምን አሉሽ?»

«እየሳቁ ነበር። 'ቶሎ በይ ልጄ፣ ሌላ ሰው ይጠብቅሻል' አሉኝ። እኔም ቶሎ አልኩ።» አላለቀሰችም። «ነርስ ነኝ እኮ። ለጨዋታ እንኳ ሰው ገደልኩ።»

«ፖስታሽን አሳዪኝ።»

በደንቡ መሠረት የተቀደደ ቁራጭ አይጣልም። እያንዳንዱ የካርዱ ቁጥር ስላለበት ቀዳጁ ፖስታው ውስጥ ይከታል፤ መጨረሻ ላይ ይቆጠራል። መርማሪዋ ፖስታውን አልጋው ላይ ገለበጠችው። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ ተደባልቆ ወደቀ፤ ሁሉም እንደ ረገፈ ቅጠል የተጨማደደና እርጥብ ነው። በእነዚያ መሐል አንድ ቀይ ቁራጭ ብቻ ደረቅና ቀጥ ያለ ሆኖ ተኝቷል። ቁጥሩ አሥራ ሰባት፣ የጋሼ ምናልባት ነው።

«ጓንትሽ ረጥቦ ነበር?»

«እስከ ክርኔ ነው የረጠብኩት። ውኃውን በየቦታው ረጭተውት ነበር።»

«ፖስታዎቹን የሰበሰበው ማነው?»

«የጋሼ ምናልባት ምክትል። እሱ ነው ቆጥሮ ውጤቱን በሬዲዮ የሚያሳውቀው።»

«ከልምምዱ በፊት በተጻፈው ወረቀት ላይ ስንት ሟች ነበር?»

«አሥር» አለች ነርሷ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ አሥራ አንድ አደረግኩት» አለች።

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወጣች።

የፈረቃ አለቃዋን ያገኘቻት መፍተያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ሴትዮዋ ግን በማሽን ጩኸት ላይ ማውራት ስለለመደች አሁንም ትጮኻለች። ግዙፍ፣ ሳቂታ የሚሏት ዓይነት ሴት ናት። ዛሬ ፊቷ አብጧል።

«ቃሬዛውን ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ!» አለች። «አሥራ ስምንት ቁጥርን ነው ያወጣናት። ያቺ ጎረድ ያለችው ልጅ ናት፣ ግን እንደ ጥጥ ጥቅል ትከብዳለች፤ ደረጃው ላይ ልንሞት ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ ምን ዓይነት ቃል ነው የምናገረው...»

«አሥራ ሰባት ቁጥር ያን ጊዜ ምን ቀለም ነበር?»

«ጥቁር። ዘልለናቸው አለፍን።»

«ድምፅ አሰሙ?»

ስትጮኽ የነበረች ሴት ዝም ስትል አዳራሹ ባዶ ሆነ።

«አጉረመረሙ» አለች በመጨረሻ። «ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ማሽን በልቶታል። እኔም...» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «እኔም 'ጋሼ ምናልባት፣ ሟች አያወራም!' አልኳቸው። ልጆቹ በሙሉ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ እኮ፣ እህቴ!»

መርማሪዋ ለቅሶዋ እስኪበርድ ድረስ አጠገቧ ቆመች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥርሱን የሚጎረጉርበትን እንጨት ሰብሮ ወለሉ ላይ ጣለው። ወንበሩ ዙሪያ ሌሎች የተሰበሩ እንጨቶችም ነበሩ።

«በሩን የቆለፍኩት ፈትል እየተሰረቀ ስለሚወጣብኝ ነው» አለ። «ይህ ወንጀል አይደለም። ለአደጋ ጊዜ ቁልፉ እኔ ጋ አለ።»

«እርስዎ ባይኖሩስ?»

«እኔ ሁልጊዜ አለሁ።» ከዚያ ራሱን ሰማና ተቀመጠ። «እሳቸውም ይህንኑ ነበር የሚጠይቁኝ። ዛሬ ጠዋት ዕቅዱን ሊፈርሙ ከመጡት እንግዶች ጋር መቀመጥ ሲገባቸው የአንዲት ሠራተኛ ካርድ ነጠቁና ቱታ ለብሰው ወረዱ። 'ከዚያ ምድር ቤት ሁለት ቀይ ሰው በሃያ ደቂቃ ስታወጡ አያለሁ' አሉ። በሩ መቆለፉን ላረጋግጥ ብዬ ስወርድ ተኝተው አየኋቸው። 'ክፈተው' አሉኝ። ጥዬአቸው ወጣሁ።»

«ካርዳቸውን ነክተዋል?»

«ለምን ብዬ? እኔ የዚያን ካርድ ነገር አንዱንም አላውቅም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንውጣ ብቻ ነው ያልኩት፤ በአሥራ ዘጠኝ ወጣን።» ይህን ሲል ለአንድ አፍታ ደረቱ ተነፋ፤ ወዲያው ግን ዓይኑን ሰበረ።

ምክትሉን የመጨረሻ አድርጋ አስቀርታው ነበር። ለልምምዱ በተሰጠችው ትንሽ ክፍል ውስጥ የውጤት ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለ አገኘችው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጎርፉ በወረደ በማግስቱ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የተገኘ፣ ዘመድ ያልጠየቀው የሰባት ዓመት ልጅ እሱ ነበር። ጋሼ ምናልባት ወደ ባዶ ቤታቸው ወስደው አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ሥራቸውንም አወረሱት።

«ያገኘሃቸው አንተ ነህ?»

«አራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ። ደወሉ ሲደወል ሟቾቹ በየቦታው እየሳቁ ተነሡ፤ እሱ ብቻ ቀረ። ወረድኩ። 'ተነስ አባባ፣ አልፈናል' አልኩት።» ወረቀቶቹን እንደገና አስተካከለ፤ የተስተካከሉትን። «እጁን ስይዘው ነው ያወቅኩት።»

«የምጽፍበት ወረቀት ትሰጠኛለህ?»

ከደብተሩ አንዱን ገጽ አጠፈ፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ከላይ እስከ ታች ተጫነው፣ ከዚያ ቀደደው። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

«ይህ ኮት የማነው?» አለች መርማሪዋ። ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ አንድ አሮጌ ቡናማ ኮት ተሰቅሏል።

«የእሱ ነው። ቱታውን ሲለብስ እኔ ነኝ የሰቀልኩለት።»

መርማሪዋ እጇን ኪሱ ውስጥ አስገባች። ስታወጣው መዳፏ ላይ ሰባት ከረሜላ ነበር። ሁለቱም ከረሜላዎቹን አዩ። ከመሐላቸው አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችሁንም ምድር ቤት እፈልጋችኋለሁ» አለችና ከረሜላዎቹን ወደ ኪሱ መልሳ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አስከሬኑ ተነሥቷል። ጥጡ ላይ ግን የሰውየው ቅርጽ ቀርቷል፤ ማንም እዚያ ላይ አልተቀመጠም። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ጣቢያ እንደምትሄድ ተነግሯታል። የፈረቃ አለቃዋ አጠገቧ ናት። ሥራ አስኪያጁ ከጓጉንቸሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ምክትሉ ደረጃው ሥር።

መርማሪዋ ለአራቱም ያልተነካ ካርድ አደለቻቸው። «አሠራሩ እንዲገባኝ አረንጓዴውን ቅደዱልኝ።»

ቀደዱ። የፈረቃ አለቃዋ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ጎተተችውና ግማሹ ቀረባት። ነርሷ ሳብ አድርጋ ቦጨቀችው፣ ጨመደደችውና ጋወኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሥራ አስኪያጁ ቀደደና ቁራጩን ወለሉ ላይ ጣለው። ምክትሉ አጠፈው፣ በጥፍሩ ተጫነው፣ ቀደደው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ ቀና ሲል የመርማሪዋን ዓይን አገኘው። እጁ ደረት ኪሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እንግዲህ ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ። ድምጿ እንደወትሮው ዝግ ያለ ነበር። «ሲስተር እዚህ የደረሰችው አራት ሰዓት ከስድስት ላይ ነው። ቃሬዛው የደረሰው ከአሥራ አራት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ካርዱ ጥቁር ሆኗል። ሲስተር ናት እንዳንል የሷ ቁራጮች በሙሉ የረጠቡና የተጨማደዱ ናቸው። የአሥራ ሰባት ቁጥር አረንጓዴና ቢጫም እንደዚያው ናቸው። ቀዩ ግን ደረቅ ነው፤ ታጥፎ፣ በጥፍር ተተኩሶ ነው የተቀደደው። ስለዚህ ሲስተር ቀይ አድርጋቸው ነው የሄደችው።»

ነርሷ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ቀይ ነበር ያደረግኳቸው?»

«ቀይ ነበር።»

ልጅቷ ባለችበት ቁጢጥ ብላ ፊቷን ሸፈነች። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ።

«በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ውስጥ እዚህ የወረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው» ስትል መርማሪዋ ቀጠለች። «ሥራ አስኪያጁ ቢቀድዱት ኖሮ ቁራጩን እዚሁ ውኃው ላይ እናገኘው ነበር፤ እንደሚቆጠር እንኳ አያውቁም። የቀደደው ሰው ግን አልጣለውም። ሰው ሊገድል ያሰበ ማስረጃውን ይጥላል፤ ይህ ሰው ወደ ቆጠራው መለሰው። ፖስታዎቹ እጁ ላይ ያሉ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ 'ቁራጭ አይጣልም' እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ሲስተርን ሊወነጅል አልነበረም፤ ሒሳቡ እንዳይጎድል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰው መሞቱን ገና አላወቀም ነበር።»

ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጀርባውን አሳየቻቸው።

«ሟቹ ሁሉን ጽፈዋል። ሲስተርን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ቃሬዛውን። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የመጣውንም ጽፈው ነበር። ከዚያ አጠፉት። የላጲሱ ብናኝ ደረታቸው ላይ ነበር። ሰዓቱን ግን አላጠፉም፤ ሰዓት ማጥፋት አይችሉበትም ነበር መሰለኝ። እኔ እዚህ ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዩትን ሁሉ ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ እየሞቱ ሳሉ፣ የማንን ስም ያጠፋሉ?»

ማንም ወደ ደረጃው አልዞረም። መዞር አላስፈለገም።

«በየቢሮው ደጅ ሲጠና እያየሁት ነው ያደግኩት» አለ ምክትሉ። ለማንም የሚናገር አይመስልም። «ለአንድ ፊርማ። ነገ ና ሲሉት፣ በጀት ሲዘጋ ና ሲሉት፣ ኃላፊው ተቀይሯል ሲሉት። ዛሬ እንግዶቹ እስክሪብቷቸውን ይዘው መጡ። ከምድር ቤት ሁለት ቃሬዛ በሃያ ደቂቃ እንደማይወጣ አውቅ ነበር። ወረድኩና 'አባባ፣ ለአንድ በር ብለህ ሁሉን ልታፈርሰው ነው?' አልኩት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። 'ልጄ፣ ይህ ልምምድ አይደለም' አለኝ።»

የፈረቃ አለቃዋ «ወይኔ!» አለች።

«አላመንኩትም። ጠዋት 'ዛሬ ፈተናውን ብጥልባቸው ይሻላል' ብሎኝ ነበር። ልምምዱን ሊያስቆም የተጠቀመበት መሰለኝ። ሰዓቱ እጄ ላይ ይሮጣል። ቀደድኩት።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም አላለኝም። አየኝ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣ።» እጆቹን ተመለከታቸው። «ሲስተርን ሲይዟት ልናገር ነበር። አፌን ከፈትኩ። ስናገር የገደልኩት እኔ መሆኔን ራሴ እሰማዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያንኳኳ ይሰማል።

«ይክፈቱት» አለችው መርማሪዋ፣ ሳታየው።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን አወጣ። ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተው። ጓጉንቸሩ ሲወድቅ በሩ በራሱ ክብደት ወደ ውጭ ተከፈተና ብርሃኑ ጥጡ ላይ እስከቀረው ቅርጽ ድረስ ገባ። ግቢው እዚያው ነበር። ጠዋት ቀይ ካርድ ያላቸው ሰዎች የተደረደሩበት ሸራ ከደጃፉ ስምንት እርምጃ እንኳ አይርቅም።

ምክትሉ በሩን አየ። ቁጥሩን በልቡ ሲያሰላ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ሥራው ነውና ማስላቱን መተው አልቻለም። ሁለት ቃሬዛ፣ አሥራ አምስት እርምጃ። ሲጨርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ያጠፋው መስመር ላይ» አለ፣ «ምን ብሎ ነበር?»

«አይነበብም።»

«በደንብ ብርሃን ቢበራበት... ጣቢያ ውስጥ መሣሪያ አላችሁ አይደል?»

መርማሪዋ ካርዱን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «ልጄ» አለችው፣ «ያጠፉት እንዳይነበብ ነው።»

ነርሷ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣችና ወደ እሱ ሄደች። በሁለት ጣቶቿ የእጁን ትርታ ያዘችና፣ በሽተኛ እንደምታይ ሁሉ፣ ፊቱን እያየች ቆመች። እጁን አልሳበም።

ምክትሉ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከመርማሪዋ ጋር ወደ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ነርሷ በማግስቱ ሥራ ገባች። ሥራ አስኪያጁ በበሩ ጉዳይ ተከሰሰ። የልምምዱ ውጤት ተሰረዘ፤ ደንቡም ላይ አንድ መስመር ተጨመረበት፣ ጥቁር ካርድ ሁለት ጊዜ ይታይ የሚል። ከአንድ ወር በኋላ የምድር ቤቱ የብረት በር ያለ ቁልፍ ተከፍቶ ልምምዱ ተደገመ። ካርድ ቁጥር አሥራ ሰባትን የፈረቃ አለቃዋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ጥጡ ላይ ተኛች። ቀይ ካርድ ያላቸው በሙሉ በአሥራ ስድስት ደቂቃ ወጡ።